እትዬ ናምን ማባዛት ያስተማርን ጊዜ

መጋቢት ላይ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን፣ አዲሷ መምህርታችን ማባዛት እንደማይችሉ ስልሳ ሁለታችንም በዓይናችን አየን።

ሦስተኛ ክፍል መግባታችን ነበር። እትዬ ናም በጠዋቱ ባቡር ነው የመጡት፤ በአንድ እጃቸው ሻንጣ፣ በሌላው ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ይዘው። ነጭ ሹራብ ለብሰዋል። የኛ ከተማ ከሰል የሚወጣባት ከተማ ስለሆነች ነጭ ነገር እስከ ምሳ ሰዓት አይቆይም፤ ገና ሲገቡ አዘንንላቸው። ሰላምታ እንደተለዋወጥን ጠመኔ አነሱና 7 × 8 = 54 ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉ።

«ልክ ነው?» አሉ ወደኛ ዞረው።

«ልክ ነው፣ እትዬ!» አልን ስልሳ ሁለታችንም። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

እኔ ሃምሳ ስድስት መሆኑን አውቃለሁ። አምና ጋሼ ጎ በቀርከሃ አርጩሜያቸው መዳፌ ላይ አትመውልኛል። ነገር ግን ከጋሼ ጎ የተማርነው ሌላም ነገር ነበር፦ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነገር ልክ ነው፤ ልክ ባይሆንም ልክ ነው። እትዬ ናም አንዴ እኛን፣ አንዴ ሰሌዳውን አዩና ፊታቸው ቀላ። ከዚያ ቁጥሩን በእጅጌያቸው ጠረጉት፤ የሹራቡ ነጭነትም በዚያው አበቃ።

«ማልሱክ» አለኝ አጠገቤ የሚቀመጠው ጊቾል። አባቱ ቶፉ፣ ያን ነጭ የአኩሪ አተር አይብ፣ የሚሠሩ ስለሆኑ ጠዋት ጠዋት የተቀቀለ አኩሪ አተር ይሸታል። «ሃምሳ ስድስት አይደል እንዴ?»

«ዝም በል። መምህር እኮ ናቸው።»

«ቢሆኑስ?»

ደብተሬን ከፍቼ 54 ብዬ ገለበጥኩ።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። ከከሰል ጉድጓድ ወጥቶ ፊቱን እየታጠበ ነበር፤ ሳሙናው ጠቁሯል። «መምህር የማያውቀው ነገር የለም፤ አፍሽን ዝጊ» አለኝ፤ እኔም ዘጋሁ። በማግስቱ ግን እናቴ ቧንቧው ጋ ተራ ስትጠብቅ ከጎረቤታችን ጋር የምታወራውን ሰማሁ።

«ይቺ አዲሷ መምህርት ከትልቅ ከተማ ነው አሉ የመጣችው።»

«እዚያ ምን አጥታ?»

«ምን አጥታ! ቢነግሯት ቢነግሯት አልገባት አለ። በመጨረሻ ወደዚህ ተራራ ወረወሯት።»

ቢነግሯት ቢነግሯት አልገባት አለ! ባልዲዬን ጥዬ ወደ ጊቾል ቤት ሮጥኩ። የጠረጠርነው ሁሉ ተረጋገጠ።

(እናቴ ያለችው ምን እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። የከተማው ትምህርት ቤት የባለሥልጣን ልጆችን ከፊት፣ የድሃ ልጆችን ከኋላ አስቀምጪ ብሏቸው ኖሮ፣ እትዬ ናም በየሳምንቱ ወንበር እያዟዟሩ አስቸገሩ። ያልገባቸው ይኼ ነው።)

ከዚያ ወዲያ ማስረጃው በየቀኑ ይከመር ጀመር። እትዬ ሰሌዳው ላይ መሳሳታቸውን አላቆሙም፤ እኛም «ልክ ነው» ማለታችንን። ያ የወተት ጣሳ በአይስክሬም እንጨት ተሞልቷል፤ በየእንጨቱ ላይ የአንዳችን ስም ተጽፏል። እትዬ ጥያቄ ሲጠይቁ ጣሳውን ነቅነቅ አድርገው አንድ እንጨት ያወጣሉ። «ስማችንን በቃላቸው መያዝ አቅቷቸው ነው» አለ ጊቾል። በጋሼ ጎ ጊዜ የሚጠየቁት ከፊት ያሉት አምስት ጎበዞች ብቻ ነበሩ፤ የቀረነው እንደ ክፍሉ የከሰል ምድጃ ነበርን፤ መሞቅ እንጂ መናገር አይጠበቅብንም። አሁን ግን የማን እንጨት እንደሚወጣ ስለማይታወቅ፣ በሰላም መተኛት የሚባል ነገር ከክፍላችን ጠፋ።

ደግሞ ከጠየቁ በኋላ ዝም ይላሉ። ዝም ነው የምላችሁ። ምድጃው ላይ የደረደርናቸው የምሳ ሳህኖች ጭስ ጭስ ሲሉ፣ የማን ኪምቺ፣ ያ በበርበሬ የኮመጠጠ ጎመን፣ እንደሚያር ሁላችንም በአፍንጫችን ስንከታተል፣ እሳቸው ቆመው ይጠብቃሉ። በልቤ እስከ ሰባት እቆጥራለሁ። መልሱ ጠፍቷቸው የጨነቃቸው ነበር የሚመስለኝ፤ ስለዚህ ከጭንቀታቸው ላወጣቸው ብዬ አንጎሌን እጨምቃለሁ። ዛሬ እኔም ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ጠይቆ ሰባት እስኪቆጠር ዝም ማለት እንዴት አፍን እንደሚበላ አውቃለሁ።

መልስ ስንሰጥማ «እንዴት አገኘሽው? እንዴት አገኘኸው?» ይሉና ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ከኛ እየቀዱ! ማታ ከመሄዳችን በፊት ደግሞ በቁራጭ ወረቀት ያልገባንን አንድ ነገር እንድንጽፍ ያዙናል። ወረቀቱን ሰብስበው ይወስዳሉ፤ ጠዋት መጥተው ያንኑ ያልገባንን ጥርት አድርገው ያስረዱናል።

«አየሽ?» ይለኛል ጊቾል። «ከሰው ጠይቀው መጡ።»

ከሁሉ የባሰው የኦክቡን ነገር ነው። ኦክቡን ከኋላ፣ ከከሰል ባልዲው ጎን የምትቀመጥ ልጅ ነች፤ ትምህርት ከገባች ጀምሮ ድምጿን የሰማ የለም። ጋሼ ጎ ስሟን ሲጠሩ እንኳ ጎረቤቷ ነበር «አለች» የሚልላት። እትዬ ናም አንድ ቀን ከአጠገቧ በርከክ ብለው «እስኪ አንቺ አስረጂኝ» ሲሏት ሰማሁ። ሴትዮዋ ከኦክቡን መማር ከጀመሩ አልቆላቸዋል ማለት ነው።

ግንቦት ሲያልቅ ርዕሰ መምህሩ፣ አቶ ባንግ፣ በሰልፍ ላይ ወጥተው በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት የትምህርት ተቆጣጣሪ እንደሚመጡ አወጁ። በዕረፍት ሰዓት ሁላችንም ከትምህርት ቤቱ ጥንቸል ቤት ኋላ ተሰበሰብን።

«ተቆጣጣሪው እንዳወቁባቸው ያባርሯቸዋል» አለ ጊቾል፣ የጥንቸል ምግብ ሳጥን ላይ ቆሞ።

«ከዚያስ ማን ይመጣል?» አለ አንዱ።

ሁላችንም መዳፋችንን አየን። ጋሼ ጎ የተዛወሩት ወደ ታችኛው ሸለቆ ነው፤ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ።

«እንግዲያው ማስተማር አለብን» አልኩ እኔ።

«ማንን?»

«እትዬን ነዋ! ግን በፊት እኛ እንወቅ። ስልሳ ሁለታችንም ካወቅን የማንም እንጨት ቢወጣ መልሱ ይነገራል፤ እሳቸውም ሰምተው ይይዙታል።»

በእውነቱ በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የዚያን ያህል ብልህ ነገር አላስታውስም። በዚያው ደብዳቤም ጻፍን። ጽሑፉ የኔ ነው፦ «ውድ እትዬ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት ነው። አይጨነቁ። ለማንም አንናገርም። እያደር ይለምዱታል። ከአክባሪ ተማሪዎችዎ።» ጠዋት መሳቢያቸው ውስጥ አስቀመጥነው። እትዬ ናም አንብበው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ።

«አለቀሱ» አለ ጊቾል፣ እሱም ሊያለቅስ ደርሶ።

ያን ደብዳቤ እስከ ዛሬ አስቀምጠውታል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ልጠይቃቸው ሄጄ አሳዩኝ። በዚያውም ስጠረጥረው የኖርኩትን ጠየቅኳቸው፤ ሰሌዳ ላይ ሆን ብለው እየተሳሳቱ ነበር ወይ? «በኋላ ላይ አዎ» አሉኝ። «የመጀመሪያው ግን እውነተኛ ስሕተት ነው። ባቡር ላይ ዓይኔን ሳልከድን አድሬ ነበር። ስልሳ ሁለት ልጅ በአንድ አፍ ‹ልክ ነው› ሲለኝ ክው አልኩ። እነዚህ ልጆች መልሱን ሳይሆን እኔን እንደሚፈሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ‹ተሳስተሻል› እስክትሉኝ ልሳሳት ቆረጥኩ። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ሰው አላለኝም! እኔም ደብዳቤውን ሳነብ ነው ምክንያቱን ያወቅሁት።»

ታዲያ ያን ጊዜ ይህን አላወቅንም። ሥራ ተከፋፈልን፤ ጎበዙ ከሰነፉ ተጣመረ። ከትምህርት በኋላ ወንዙ ዳር፣ ድልድዩ ሥር፣ የቶፉ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ በየሄድክበት «ስድስት ጊዜ ሰባት!» ይባላል። ለኔ የደረሰችኝ ኦክቡን ነች። ዕጣ አልቀናኝም ብዬ አለቀስኩ።

ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ጋሼ ጎ ጮኽኩባት። በያንዳንዱ ጩኸት ትንሽ ትንሽ እያነሰች ሄደች። በአራተኛው ቀን እናቷ ከሰል እንድትደረድር ስላዘዟት ቤቷ ድረስ ተከትያት ሄድኩ። ያን ጊዜ ሁሉም ቤት የሚያነደው ያንን ክብ፣ ባለቀዳዳ፣ እንደ ትንሽ ከበሮ ያለ ከሰል ነው። ኦክቡን የማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ስትደረድር ቆሜ አየሁ። እጆቿ ይበራሉ። ሰባት አድርጋ ደረደረች፤ ስምንት ረድፍ ከፍ አደረገች፤ ከዚያ ከወለሉ ላይ አንድ ጠመኔ አንስታ ግድግዳው ላይ 56 ብላ ጻፈች። አልቆጠረችም።

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። መጮህ ረሳሁና፣ የማውቀው ሌላ ቃል ስላልነበረ፣ «እንዴት አገኘሽው?» አልኳት።

ኦክቡን ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ሰባት ሳይሆን ሰባ የቆጠርኩ ይመስለኛል። ከዚያ በጣም ቀጭን ድምፅ፣ ከጥንቸል ቤቱ ጥንቸሎች ሊወጣ የሚችል ዓይነት ድምፅ፣ «አምስት ረድፍ ሠላሳ አምስት ነው» አለች። «ሦስት ረድፍ ሃያ አንድ። ደምሪው።»

ያን ዕለት እስኪመሽ ከሰል ደረደርን። እናቴ ስገባ አላወቀችኝም።

ተቆጣጣሪው ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው የክፍላችንን ወለል ወለወልን። እንጨቱን በሻማ ቁራጭ እየቀባን፣ በጨርቅ እየፈተግን፣ በካልሲ እየተንሸራተትን ስናለሰልሰው፣ ከቢሮው በር ውስጥ የርዕሰ መምህሩ ድምፅ ተሰማ።

«እነዚያን ስድስት ደካሞች ነገ ጥንቸል ቤት ላኪልኝ። ጥንቸል ሲጠብቁ ይዋሉ።»

«ስልሳ ሁለት ልጆች ናቸው። ስልሳ ሁለቱም ክፍል ይቀመጣሉ» አሉ እትዬ ናም።

«ነገ የሚፈተነው ማን መሆኑ ገብቶሻል? አንቺ ነሽ! ከወደቅሽ ከዚህ ተራራ በላይ የምትላኪበት ትምህርት ቤት የለም።»

«ገብቶኛል።»

ጊቾልና እኔ ተያየን። ፈተናው የእትዬ ነው! እኛ የፈራነው በተቆጣጣሪው ፊት እንዳይሳሳቱ ነበር፤ ለካ ወንበር ላይ አስቀምጠው ሊጠይቋቸው ነው! ያን ማታ በየቤቱ እየዞርን የሳል ምልክት አስጠናን፤ መልሱ ሃያ ሦስት ከሆነ ሁለቴ እንስላለን፣ ትንሽ አርፈን ሦስቴ።

ተቆጣጣሪው ቀጭን፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ። አቶ ባንግ «ይግቡ፣ ይግቡ» እያሉ ከፊት ከፊት ሲሄዱ ወለላችን ላይ ረገጡና እስከ ሰሌዳው ድረስ ሳይራመዱ ደረሱ። ሰሌዳውን አቅፈው ቆሙ። ማንም አልሳቀም፤ ከንፈሬን በጥርሴ ከመያዜ የተነሳ ለሁለት ቀን አብጦ ነበር። ተቆጣጣሪው ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ከኋላ ሄደው ተቀመጡ።

እትዬ ናም ጠመኔ አነሱ። ጻፉ፦ 14 × 6 = 624።

ስድስት መቶ ሃያ አራት! በዚያን ቀን፣ በዚያ ሰው ፊት!

«ልክ ነው?» አሉ እትዬ።

ጊቾል መሳል ጀመረ። ስምንት ጊዜ መሳል ነበረበት፤ ከዚያ አራት። ግን አምስተኛው ላይ ሌላው ሊያግዘው ገባ፣ ሌላውም ተከተለ፣ ቆጠራው ተምታታና ስልሳ አንዳችንም እንደ ታመመ በግ መንጋ ሳልን።

«የእነዚህ ልጆች ሳንባ ተመርምሯል?» አሉ ተቆጣጣሪው ደንግጠው።

«ብርድ ነው፣ ጌታዬ፣ ብርድ» አሉ አቶ ባንግ፣ በሰኔ ሙቀት ላባቸውን እየጠረጉ።

እትዬ ናም ሳሉ እስኪበርድ ጠበቁ። ጣሳውን ነቀነቁ። አንድ እንጨት አወጡ።

«ኦክቡን።»

አቶ ባንግ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኦክቡን ተነሳች። ዝም አለች። እትዬም ዝም አሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ተቆጣጣሪው ሰዓታቸውን አዩ። አራት፣ አምስት። አቶ ባንግ በዓይናቸው «ሌላ ጥሪ» ይላሉ፤ እትዬ ናም አላዩም። ስድስት። ሰባት። እጄን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቼ በአየር ላይ ከሰል ደረደርኩላት።

«እትዬ» አለች ኦክቡን። «ተሳስተዋል።»

«እንዴት አወቅሽ?» አሉ እትዬ ናም፣ ጠመኔውን እየዘረጉላት።

«ስድስት ረድፍ አስራ አራት አስራ አራት ከሰል… ስድስት መቶ ሃያ አራት ከሆነ ማድ ቤታችን አይገባም። በሩም አይዘጋ።» ወደ ሰሌዳው ወጣች። አሥሩን አንድ ላይ፣ አራቱን ለብቻ እያደረገች ስድስት ረድፍ ሣለች። «ይኼ ስልሳ። ይኼ ሃያ አራት። ሰማንያ አራት።» ጠመኔውን መልሳ ለመቀመጥ ስትዞር ቆም አለችና፣ ለእትዬ ብቻ በሚሰማ ድምፅ መስሏት፣ «አይክፋዎት፣ እትዬ፤ እኔም ባለፈው ሳምንት እንደዚህ ተሳስቼ ነበር» አለቻቸው።

ያን ጊዜ ጊቾል አልቻለም። ዘሎ ቆመ።

«ጌታዬ፣ እባክዎ እትዬን አያባርሩብን! ማባዛት ባይችሉም በጣም ጥሩ መምህር ናቸው! እኛ እያስተማርናቸው ነው!»

የአቶ ባንግ ፊት የጊቾል አባት የሚሠሩትን ቶፉ መሰለ። ተቆጣጣሪው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እስከ ስንት አስተማራችኋቸው?»

«እስከ ስምንት፣ ጌታዬ። ዘጠኝ ይቀረናል።»

ተቆጣጣሪው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የእሳቸውም ትከሻ ተንቀጠቀጠ። በዚያ ዓመት የትልልቅ ሰዎች ልቅሶ መብዛቱ ያሳዝነኝ ነበር።

ሲበርድላቸው በወንበሮቹ መሃል እየዞሩ ልጅ እየነኩ ጠየቁ። አራት ጊዜ ዘጠኝ። ስድስት ጊዜ ስምንት። ከኋላም ከፊትም የነኩት ሁሉ መለሰ። ኦክቡን ጋ ሲደርሱ «ማን አስተማረሽ?» አሏት። በጣቷ እኔን አሳየች።

«እንዴት አድርገሽ አስተማርሻት?»

«እንዴት እንዳገኘችው ጠየቅኳት፣ ጌታዬ።»

«ይህን ከማን ተማርሽ?»

«ከማንም። እትዬ ስለማያውቁ ሁልጊዜ ይጠይቁናል።»

ተቆጣጣሪው ይህን ቃል በቃል ደብተራቸው ላይ ሲጽፉ አየሁ። እሳቸውም ከኛ ቀዱ። ከዚያ የእትዬ ናምን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ጎንበስ አሉ፤ ለአቶ ባንግም «እዚህ ሊቆዩ ይገባል» ብለው ግድግዳውን ይዘው ወጡ። አቶ ባንግ ከዚያ ቀን በኋላ ደካማ ልጅ ጥንቸል ቤት ሲልኩ አላየሁም። ጥንቸሎቹም ጠባቂ አጥተው ከሱ።

ማታ እትዬ ናም ፊታችን ቆሙ። ፊታቸው የሳቀም ያለቀሰም ይመስላል።

«ልጆች፣ ልንገራችሁ። እኔ ማባዛት እችላለሁ።»

ጊቾል ወደኛ ዞሮ በቅንድቡ ‹እንዳታሳፍሯቸው› አለና፣ «እናውቃለን፣ እትዬ» አላቸው።

«በእውነት ነው። ከመጀመሪያውም እችል ነበር።»

«አዎ፣ እትዬ» አልን ስልሳ ሁለታችንም፣ በትሕትና።

ተስፋ ሲቆርጡ የዘጠኝን ማባዣ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ ወረዱት። አፋችንን ከፍተን ሰማን። ከዚያ ክፍሉ በጭብጨባ ፈረሰ።

«ዘጠኝን ማን አስተማራቸው?» አለኝ ጊቾል በጆሮዬ። አላውቅም አልኩት። ብቻቸውን አጥንተው መሆን አለበት። ኩራቴ ግን ያው ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ ኦክቡን ለመጀመሪያ ጊዜ አብራን ተጓዘች። ጊቾል እንደ ጨዋታ «ለመሆኑ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?» አላት። መጠየቅ አልነበረበትም። ኦክቡን አንደኛ ክፍል በገባች በመጀመሪያው ቀን ልትለው ከፈለገችው ነገር ጀመረች፤ ማን እርሳሷን እንደወሰደባት፣ ጋሼ ጎ የሰሜንና የደቡብን አቅጣጫ አዛብተው እንዳስተማሩ፣ የጊቾል ሱሪ ከኋላ አንድ ወር ሙሉ ተቀዶ እንደነበር። ድልድዩን ተሻገርን፣ ቧንቧውን አለፍን፤ አላቆመችም። ጊቾል ጆሮውን ይዞ ለመናት።

የኔ ቤት በር ላይ ስንደርስ ገና ሁለተኛ ክፍል ላይ ነበረች።